የአያ ይሻው ድንጋዮች

ከደብረ ታቦር ለሽርሽር የሚነሳ መኪና ነዳጅ ሊጎድለው ይችላል፤ አስረጂ ግን አይጎድለውም። ማንም ሳይጠራው ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጥ፣ ገና የከተማው የመጨረሻ ቤት ሳይታለፍ ጣቱን በመስኮት አውጥቶ "ያች ጉብታ ትታያችኋለች?" የሚል አንድ ሰው ከየትም ይገኛል። ድንጋዩን በስሙ ይጠራዋል። ወንዙ ከማን ጋር ተጣልቶ መንገድ እንደቀየረ ይተርካል። ካላመናችሁት አይቀየምም፤ ያዝንላችኋል እንጂ።

በእኛ ከተማ የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክቡር አያ ይሻው ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን እንደ ካባ የሚለብሱ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ያልገፉት አፈር፣ ያልዞሩት ገደል አልነበረም። አንድ ችግር ብቻ ነበረባቸው፤ ያሳዩት ነገር አይበቃቸውም። ሰው አንድ ውብ ነገር አይቶ አፉን ከፍቶ ሲቆም ትከሻውን መታ መታ ያደርጉና "ይህ ምን አለው! ዋናው ገና ነው" ይላሉ። ዋናው የት ነው? "ይችን ዘወር ስንል።" ይችን ዘወር ይባላል፣ ሌላ ዳገት ይመጣል። "ትንሽ ናት የቀረችን።" በአያ ይሻው ልኬት ትንሽ ማለት፣ ምሳ ያልያዘ ሰው የሚጸጸትበት ርቀት ነው።

አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ፏፏቴ ላሳያችሁ ብለው አራት ሰዓት በእግር አስኬዷቸው። ሲደርሱ ደረቅ አለት ብቻ ቆሟል፤ ወሩ መጋቢት ነበር። አያ ይሻው አለቱን ቀና ብለው አዩና፣ ምንም ሳያፍሩ፣ "ዛሬ የዕረፍት ቀኗ ናት" አሉ። ሰዎቹ እየተሳደቡ ተመለሱ። በዓመቱ ግን የዚያው መሥሪያ ቤት ሰዎች እንደገና ሊጠሯቸው መጡ፤ በዚያ መንገድ የሳቁትን ሳቅ የትም አላገኙትማ።

ጌጤ አያ ይሻውን ያወቀቻቸው ሠርግ ላይ ነው። ፎቶ አንሺ ናት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ "ፈገግ በሉ፣ አገጭ ቀና፣ እጅ ለእጅ" ስትል የኖረች። ያን ቀን አያ ይሻው የሙሽራው አጎት ወዳጅ ነኝ ብለው ከአጃቢው መኪና ገብተው ኖሮ፣ ወደ ወረታ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ አጀቡን በሙሉ አስቆሙት።

"ሙሽሪትን ውረጅ በሏት" አሉ። "እዚህ ድንጋይ ላይ ሳይቆም ያለፈ ትዳር አይጠናም።"

እንዲህ ያለ ልማድ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ግን ማን ደፍሮ በትዳር ይወራረዳል? ልጅቱ ቬሎዋን ሰብስባ ወጣች። ድግሱ ሁለት ሰዓት ዘገየ፤ የሙሽራው አባት ከዘራ አነሱ። ጌጤ ግን ከታች የፎገራ ሜዳ በጭጋግ ተሞልቶ፣ ከጭጋጉ በላይ ያች ልጅ ብቻዋን፣ ከሰማይ የወረደች ይመስል ስትቆም ያነሳችው ፎቶ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ "ይህስ የእኔ ነው" ያለችው የመጀመሪያ ሥራዋ ሆነ።

ያንን ፎቶ ከስቱዲዮዋ ግድግዳ ላይ ያየ አንድ አሳታሚ በጥቅምት መጥቶ ሥራ ሰጣት። የግድግዳ ካላንደር ነው፤ የአገሩ ተራራ፣ ድንጋይና የሐይቅ ዳር፣ ለአሥራ ሦስቱም ወር አንድ አንድ ፎቶ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ። "ከወደድነው በየዓመቱ ካንች ጋር እንሠራለን፤ ካልሆነም የባሕር ዳር ልጆች አሉ" ብሏት ሄደ። ጌጤ ከዚያ ቀን ጀምሮ "ፈገግ በሉ" ማለት አፏን መረራት። በማግስቱ አያ ይሻው ቤት ሄዳ በራቸውን አንኳኳች።

"ድንጋይ ማየት ፈልጌ ነበር" አለቻቸው።

አያ ይሻው ከመደባቸው ተነስተው ጋቢያቸውን ያዙ። መቼ እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም።

መኪናው የአንዋር ነበር። አንዋር የይፋግ ልጅ ነው፤ ሚኒባሱን ከገዛ ልብሱ አብልጦ ያጥባል እየተባለ የሚታማ፣ በትዕግሥት ግን እንደ እሱ ያለ ሹፌር በዚያ መስመር የለም። መጀመሪያ ጉና ወጡ። ደመናው መሬት ላይ ተኝቷል፤ ድምፅ እንኳ ሩቅ አይሄድም። ከነጩ ውስጥ ጅብራ የሚባሉት የደጋ ተክሎች ብቅ ይላሉ፣ ቁመታቸው የሰው ነው፣ ጋቢ ተከናንበው ለለቅሶ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። አያ ይሻው ባርኔጣቸውን አወለቁና ለአንደኛው ጅብራ ጎንበስ አሉ።

"እንደምን አደሩ አባቴ? ከብቱ ደህና ነው?"

ጅብራው ዝም። አንዋር በሳቅ ተንከተከተ።

"ጅብራ እኮ ነው፣ አያ ይሻው" አለች ጌጤ።

"መች አጣሁት?" አሉ ፈጠን ብለው። "ሰላምታ ለሰው ብቻ ነው ያለው ማነው?"

ጌጤ እሷም ሳቀች። ሰውየው ለዛ አላቸው አለች በልቧ። በእግር ሲሄዱም አንድ እጃቸውን ሁልጊዜ በአንዋር ትከሻ ላይ ጣል ያደርጉ ነበር፤ ፍቅር ነው ብላ አለፈችው።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ጌጤ የምትፈልገው ብርሃን ለአፍታ መጥቶ የሚሄድ ነው። ደመናው ሲከፈት፣ አንድ የፀሐይ ዘንግ ወርዶ አለቱን ሲነካው፣ ካሜራዋን ስታነሳ፣ ክቡር አያ ይሻው ክንዷን ይዘው "ይህ ምን አለው! ዋናው ገና ነው" ይሏታል። አንድ ጊዜ አመነቻቸው፤ ዘወር ሲሉ ብርሃኑ የለም። ሁለተኛ ጊዜ አመነቻቸው። ሦስተኛ ጊዜ ጥርሷን ነክሳ አነሳችና ተቆጣቻቸው፤ እሳቸው ደግሞ "እሺ፣ ትንሹንም አንሺው" ብለው ይቅርታ እንደሚያደርግ ሰው ፈገግ አሉላት። ያም ሆኖ የሚወስዷት ቦታ ሁሉ ከዚያ በፊት ማንም ካሜራ ይዞ ያልቆመበት ነበር። እንደ ምሰሶ የተደረደሩ ጥቁር አለቶች፣ በውስጣቸው ነፋስ የሚያፏጭባቸው ዋሻዎች፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ መቶ ዓመት ያልወደቀ ድንጋይ አሳዩዋት። ለሁሉም ስም ነበራቸው፤ ይኼ ባለዕዳው፣ ያች ሁለተኛዋ ሚስት፣ እነዚያ ሦስቱ ደግሞ ሸንጎ የናቁት። በሦስት ሳምንት አሥራ ሁለት ፎቶ ተሰበሰበ። የቀረው ጣና ነው፣ ከላይ፣ ከአፋፉ ሆኖ የሚታየው።

አሥራ ሦስተኛውን ፍለጋ ከጣራ ገዳም ደን በላይ ወጡ። ጥዋት ነበር። ጽዱና ወይራው ጤዛ ያንጠባጥባል፤ ከውስጥ የቅዳሴ ድምፅ ይመጣል፣ ይጠፋል። ደኑ ሲያልቅ መንገዱ በአለቱ ወገብ ላይ ተለጥፎ የሚሄድ፣ ከአንድ ሰው በላይ የማያሳልፍ ሆነ። አያ ይሻው ከፊት፣ ጌጤ ተከትላ፣ አንዋር የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክሞ መጨረሻ። ወደ ላይ "የዳኛው ወንበር" ወደሚሉት ድንጋይ ነው የሚሄዱት፤ አያ ይሻውም ዳኛው ማን እንደነበር፣ ተከሳሹም ዝንጀሮ እንደነበር እያወጉ ነው።

"ዝንጀሮው ምን አለው መሰለሽ? ጌታዬ፣ ገብሱን የበላሁት እኔ ነኝ፣ አልክድም፤ ግን ሲዘራ ማን አማከረኝ? ቢለው..." አሉና እግራቸውን አነሱ።

ጌጤ ያየችው ያኔ ነው። ከፊታቸው ሁለት ክንድ ያህል መንገድ የለም። ክረምት ሸርሽሮ ወስዶታል። ከታች የወይራዎቹ አናት ይታያል፣ ትንንሽ ሆኖ።

"አያ ይሻው!" ብላ ጮኸች፤ ጋቢያቸውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ወደ ኋላ ወደቀች። እሳቸውም እላይዋ ላይ ተቀመጡ። ካሜራዋ ከአለቱ ጋር ተጋጨ። አንድ ድንጋይ ተንከባልሎ ወረደ፤ ሲያርፍ አልተሰማም።

 አያ ይሻው በከዘራቸው ባዶውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ ሥራው እንደተነካበት ባለሙያ ተቆጥተው፣ "መንገዱን ማነው የወሰደው?" አሉ።

ጌጤ ተነስታ ትቢያዋን አራገፈች።  ካሜራውን አንስታ ፊታቸው ላይ ያዘችው።

"አያ ይሻው፣ ይህ ምንድን ነው?"

"እጅሽ ነዋ። ሦስት ጣት።"

አንዋር "አላህ ጠብቆናል" ብሎ እዚያው አለቱ ላይ ቁጢጥ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በስንት ገደል አፋፍ፣ የተከተሉት ሰው አያይም!

"ሁለት ዓመት ይሆናል" አሉ አያ ይሻው፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። "ጥላ ጥላውን አያለሁ። ሰው ሲመጣ ይጠቁራል፣ ሰማዩ ይነጣል። የዓይን ሞራ ነው ይላሉ።"

"ሞራ እኮ ይገፈፋል!" ጌጤ ንዴቷ መጣ። "እዚሁ ደብረ ታቦር ይገፈፋል! ሰው ዛሬ ገብቶ ነገ ቤቱ ይገባል! ልንሞት እኮ ነበር!"

"ይገፈፋል ይላሉ። ቢበላሽስ? ያለችኝን ጭላንጭል ይዘዋት ቢሄዱስ?" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "በጭላንጭሏ እኮ ተራሮቼን አልተለየኋቸውም። ሁሉም እዚህ አሉ።" ደረታቸውን ነካ አደረጉ። "ለሚስቴ ለዓለሚቱ እንዳትነግሪያት።"

 ነፋሱ ከታች የዕጣን ሽታ ይዞ መጣ፣ የቅዳሴው ፍጻሜ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ አያ ይሻው ምንም እንዳልሆነ ሰው ቀና አሉ።

"ጣና ትታያለች?"

ጌጤ ዞር አለች። በድንጋጤው ውስጥ አላየችውም እንጂ ሐይቁ ከፊቷ ተዘርግቶ ነበር። የትኛው ውሃ፣ የትኛው ሰማይ እንደሆነ አይለይም። ዳርቻው በሰማያዊ ጭስ ውስጥ ይሟሟል፤ ደሴቶቹ ውሃ ላይ ሳይሆን አየር ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ፤ አንዲት ታንኳ፣ እንደ ሽፋሽፍት ቀጥና፣ ሳትንቀሳቀስ ትሄዳለች። ጌጤ በሕልሟ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ አገር አይታ የነበረ መሰላት፤ መቼ እንደሆነ ግን አላስታወሰችም።

"ትታያለች" አለች።

"እውነትሽን ነው፤ ያች እኮ ናት" አሉ አያ ይሻው፣ ጣታቸውን ዘርግተው። ጣታቸው ያመለከተው ከወረታ ወዲያ ያለውን የሩዝ ማሳ ነበር።

ጌጤ ቀረብ አለችና የተዘረጋውን ጣታቸውን በእጇ ያዘች፤ ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ መለሰችው፣ ከሜዳው በላይ፣ ከደንገሉ በላይ፣ ውሃው ላይ እስኪያርፍ።

"አዎ፣ ያች ናት" አለቻቸው።

አያ ይሻው እጃቸውን አላወረዱም። ጌጤ ወደ ኋላ ሄዳ ካሜራውን ሞከረችው፤ ይሠራል። አነሳች። አሳታሚው በኋላ ጥጉ ላይ የገባውን የሽማግሌ ጣት ካልቆረጥሽው ብሎ ተከራከራት። እምቢ አለች። ፎቶው ከነጣቱ የጳጉሜ ሆኖ ታተመ፤ የሚቀጥለውንም ዓመት ካላንደር ሥራ አገኘችበት።

ጌጤ ምሥጢሩን ልትጠብቅ ማለች፤ መሐላው የቆየው ግን እስከ አያ ይሻው ቤት በር ድረስ ነበር። እትዬ ዓለሚቱ፣ የአያ ይሻው ባለቤት፣ የጋቢውን ቅዳጅና የጌጤን የተላጠ ክርን ሲያዩ ምንም አልጠየቁም። ባላቸው እግራቸውን ሊታጠቡ ጓሮ ሲዞሩ ጠብቀው፣ ሽሮ እያማሰሉ፣ "ገደል ነው?" አሏት።

ጌጤ አንገቷን ደፋች።

"እኔ የማላውቅ መስሎት እኮ ነው" አሉ እትዬ ዓለሚቱ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ጨው ሲለኝ ጨዉን እጁ ሥር አስጠጋለታለሁ፤ እሱ ያገኘው ይመስለዋል። ከዘራውን የሚያስቀምጥበትን አንድም ቀን አላዛወርኩበትም። ኩራቱን ልጠብቅ ብዬ። አሁን ግን ገደሉ ኩራት አያውቅም።"

በዚያው ምሳ ላይ ጉዳዩ ፊት ለፊት ወጣ። አያ ይሻው አኮረፉ፤ "ከዳሽኝ" አሏት ጌጤን። ወር ተኩል ተለመኑ። ቄሱንም፣ ሐኪሙንም አልሰማም አሉ። በመጨረሻ ያሸነፋቸው አንዋር ነው። አንድ ቀን በራቸው ላይ ሚኒባሱን አቆመና፣ "አያ ይሻው፣ እንግዲህ እኔ ሙሉ ዓይን ያለው አስረጂ ልፈልግ ነው። ከአዲስ ዘመን ከተማ አንድ ሰው አለ ብለውኛል፤ ድንጋይ ያውቃል አሉ" አላቸው።

"ማነው እሱ?" አሉ አያ ይሻው ከመደባቸው ተነስተው። እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ሆስፒታል ገቡ።

ሞራው በጥር ተገፈፈላቸው። ፋሻው በተነሳ ጠዋት አጠገባቸው የቆሙትን ባለቤታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ።

"መቼ ሸበትሽ?"

"አንተ ሳታይ" አሉ እትዬ ዓለሚቱ፣ እየሳቁና እያለቀሱ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር። አያ ይሻው ማየት ጀመሩ፤ ጥቁር መነጽር አድርገው በከተማው ሲያልፉ ሁሉም ሰው እንኳን ማረዎት ይላቸዋል። የመጀመሪያ ሥራቸውም ድንጋዮቻቸውን መጠየቅ ሆነ። አንዋር አንድ በአንድ አዞራቸው። ከየጉዟቸው ሲመለሱ ግን ቃላቸው እያነሰ ሄደ። ባለዕዳውን አይተው መጡ፤ ዝም። ሁለተኛዋን ሚስት አይተው መጡ፤ ራሴን አመመኝ ብለው ተኙ። ለሽርሽር የሚሄዱ ሰዎች ሊጠሯቸው ሲመጡ "ሌላ ፈልጉ" አሏቸው። በደብረ ታቦር እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እትዬ ዓለሚቱ ጌጤን መንገድ ላይ አግኝተው፣ "ዓይኑ መጣ፣ ሰውየው ግን አልመጣም" አሏት። ጌጤ ያን ቀን ሥራ መሥራት አቃታት። ምሥጢር ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሆስፒታል ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ አለች ለራሷ።

በየካቲት አንድ እሁድ አንዋርን ይዛ አያ ይሻውን ወደ ጣና ዳር ወሰደቻቸው። ሐይቁ ያን ቀን ትንፋሽ የለውም። ደንገሉ በውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል፤ ነጫጭ ወፎች ይነሳሉ፣ ነጭነታቸው ከታችም ይነሳል። ከዳሩ ጥቂት ገባ ብሎ አንድ ጥቁር ድንጋይ ውሃው ውስጥ ቆሟል። አያ ይሻው ለሃያ ዓመት "ሙሽራዋ" እያሉ ሲተርኩ የኖሩላት ድንጋይ ናት፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት የረዘመች፣ ጠዋት ጠዋት ዓይነ ርግብ የምታወርድ።

አያ ይሻው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። ቁመቷ ሁለት ሰው ቢደራረብ ነው። ጀርባዋን የወፍ ኩስ አልብሷታል።

"ይህች ናት?" አሉ።

"ይህች ናት" አለ አንዋር።

"እኔ የማውቃት ሰማይ ትነካ ነበር።" አንድ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። "ሁሉም እንዲህ ነው፣ ጌጤ። ሁሉም አነሱብኝ። እኔ ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕዝቡን ስዋሸው ነው የኖርኩት።"

 ያን ጊዜ ነው ከባሕር ዳር የመጡ አንዲት እናት ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው የደረሱት። እናትየው ጥላ ዘርግተዋል፤ ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀዋል።

"አባባ፣ ያ በውሃው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?" አሉ እናትየው።

አያ ይሻው ቀና ብለው አዩ። ሁላችንም ከምናውቃቸው ከእኚያ ሰው አፍ ይወጣል ብሎ ማንም ያልገመተው ቃል ወጣ።

"ድንጋይ ነው" አሉ።

ጌጤ ካሜራዋን ለአንዋር ሰጠችና ወደ ልጆቹ ቀረበች። በዕድሜዋ አንድም ተረት ለሰው ነግራ አታውቅም።

"ድንጋይ አይደለም" አለች። "ሙሽራ ናት። ከ... ከይፋግ ነው የመጣችው። በታንኳ። በሐምሌ ወር ልትዳር ስትሄድ..."

ከኋላዋ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

"በሐምሌ?" አሉ አያ ይሻው።

"በሐምሌ" አለች ጌጤ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር። "ከዚያ ሙሽራው በፈረስ መጥቶ ውሃው ላይ..."

"በሐምሌ ማን ያገባል? ለጎርፍ ሊድሯት ነው? ደግሞ ፈረስ ውሃ ላይ!" አያ ይሻው ከጉቷቸው ተነስተው ነበር። "አንች ልጅ፣ ፎቶሽን አንሺ። የማታውቂውን አታበላሺ። እናንተ ልጆች፣ ወዲህ ቅረቡ፤ ፀሐዩ ዓይናችሁን እንዳይወጋው በዚህ በኩል ቁሙ። ወሩ ጥር ነው፤ የጥር ሙሽራ ናት። ያ ነጩ ይታያችኋል? ያ ቬሎዋ ነው።"

"ረጅም አይደለችም" አለች ትልቋ ልጅ።

አያ ይሻው ድንጋዩን አዩ።  ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ፣ በአዲሶቹ ዓይኖቻቸው፣ ከእግር እስከ ራስ አዩት።

"ቁጭ ብላ እኮ ነው" አሉ።

አንዋር ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። አያ ይሻው ለምን እንደተቀመጠች፣ ማንን እንደምትጠብቅ፣ ሙሽራው በየትኛው በኩል እንደቀረ መናገር ጀመሩ። ጌጤ ይህንን ከዚህ በፊት ሰምታው አታውቅም። ነፋስ ሳይኖር ውሃው አንድ ጊዜ ለስለስ ብሎ ታጠፈ።

"ከዚያስ?" አለች ትንሿ ልጅ።

ጌጤም ጫማዋን አወለቀችና ከልጆቹ አጠገብ ተቀመጠች።